ባዝ፣ ቲቮሊ ወይስ ፖትስዳም? የአትክልትና የቅርስ ከተማ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ለንደን፣ ሮም ወይም በርሊን ደርሶ አንድ ሁለት ቀን የተረፈው ሰው ከትልቁ ከተማ ግርግር ወጣ ማለት ያምረዋል። ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ግን ግራ ይጋባል። ሁሉም ከተማ "ውብ" ነው። ሁሉም የዩኔስኮ ቅርስ አለው። ሁሉም ፎቶ ላይ አበባና ቤተ መንግሥት ይታያል። ዳገቱ፣ ቪዛው፣ ወጪውና በሩ የሚዘጋበት ቀን ግን ፎቶ ላይ አይወጡም።

እዚህ የምናወዳድረው ሦስት ከተሞችን ነው፦ የእንግሊዟን ባዝ፣ የጣሊያኗን ቲቮሊና የጀርመኗን ፖትስዳም። ሦስቱም ከዋና ከተማ በባቡር ደርሶ መልስ ይሆናሉ። ሦስቱም የሚታወቁት በአትክልታቸውና በቅርሳቸው ነው። ፖትስዳም ከሁለቱ ሰፋ ትላለች፤ እሷም ብትሆን ነዋሪዋ 200 ሺህ አይሞላም። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋና ክረምት ስልም የአውሮፓን የሙቀትና የብርድ ወቅት ማለቴ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ወረቀት። ጣሊያንና ጀርመን በአንድ ቪዛ በሚዞርበት የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ሸንገን ውስጥ ናቸው፤ እንግሊዝ ከዚያ ውጪ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሮም ለመሄድ ሌላ ቪዛ አይጠየቅም። ለንደን ለመሄድ ግን ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚነሳ ደግሞ ለሁለቱም ለየብቻ ማመልከት አለበት። የሸንገን ቪዛ ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የእንግሊዙ ከዚያ ይበልጣል፤ ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ሸንገን ውስጥ ያለ ቪዛ ይገባል። ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ግን ከ 2025 ጀምሮ "ኢቲኤ" የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ በኢንተርኔት ማውጣት አለበት። ከዚህ ነጻ የሆነው የአየርላንድ ፓስፖርት ነው።

ሁለተኛው እግር ነው። ብዙዎቻችን ብቻችንን አንጓዝም። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት አሉ፤ በጋሪ የሚገፋ ሕፃን አለ፤ ጉልበቷን የሚያማት አክስት አለች። የአውሮፓ አሮጌ የአትክልት ስፍራ ደግሞ የተሠራው ለባለ ሠረገላ መኳንንት ነው። ደረጃው አያልቅም። ይህን መስፈርት ከሁሉም በላይ አከብደዋለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ከደከመ የሁሉም ቀን እዚያው ያበቃል።

ሦስተኛው ወቅት ነው። አትክልት በጥር አይጎበኝም። አራተኛው ገንዘብ ነው፤ የመግቢያው ብቻ ሳይሆን ባቡሩ፣ ምሳውና ካደራችሁ ማደሪያው። በአምስተኛ ደረጃ ምግብን እጨምራለሁ። አበባው የሚያምርበት መጋቢትና ሚያዝያ ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ለሚጾም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ባዝ፦ ፍልውሃው፣ ድንጋዩና የጃንሆይ ቤት

ባዝ ከለንደን በስተምዕራብ ናት። ከፓዲንግተን ጣቢያ የሚነሳው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። አውቶቡስ ርካሽ ነው፤ ግን የጉዞው ጊዜ እጥፍ ያህል ይሆናል። ከሂትሮው አየር ማረፊያም በቀጥታ ወደ ባዝ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ከቦሌ ለንደን ለሚገባ ሰው ይህ መሃል ለንደንን ሳይረግጡ መሄጃ ነው።

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ፍልውሃ ነው። ሮማውያን በ 70 ዓ.ም. አካባቢ ምንጩ ላይ መታጠቢያና ቤተ መቅደስ መሥራት ጀመሩ። ውሃው 46 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አለው። በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይወጣል፤ ዛሬም አላቋረጠም። ሙዚየሙ ውስጥ እኔን በጣም ያስገረመኝ ግን ገንዳው አይደለም። ሰዎች በስስ እርሳስ ላይ እርግማን ጽፈው ወደ ምንጩ ይጥሉ ነበር። አብዛኛው የሌባ እርግማን ነው። ልብሱን የተሰረቀ ሰው "የወሰደው ሰው እንቅልፍ አያግኝ" እያለ ሱሊስ ሚነርቫ ለምትባለው አምላክ አቤቱታ ያቀርባል። ከዚህ ዓይነቱ ወደ 130 የሚሆን ተገኝቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሮማውያኑ ገንዳ ውስጥ መታጠብ አይቻልም፤ ለማየት ብቻ ነው። ፍልውሃው ውስጥ መግባት የፈለገ አጠገቡ በ 2006 የተከፈተ ዘመናዊ መታጠቢያ አለ። ጣሪያው ላይ ገንዳ አለው፤ ዋጋው ግን ከሙዚየሙ ይበልጣል።

የባዝ አትክልት ከሁለቱ ከተሞች የሚለየው የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ ካርዲናል ግቢ ባለመሆኑ ነው። በከተማው ውስጥ ተበታትኗል። ሮያል ቪክቶሪያ ፓርክ በ 1830 የተከፈተ ነው። የመረቀችው የያኔዋ ልዕልት፣ የኋላዋ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ያኔ የ 11 ዓመት ልጅ ነበረች። መግቢያው ነጻ ነው። ውስጡ የዕፅዋት ማሳያ አትክልት አለው፤ ለልጆችም ትልቅ መጫወቻ አለው። ከፓርኩ በላይ ሮያል ክሬሰንት ይታያል። ከ 1767 እስከ 1774 የተሠሩ 30 ቤቶች በግማሽ ክብ ተያይዘው ቆመዋል። ፎቶ የሚነሳው ሁሉ እዚያ ነው። ሲድኒ ጋርደንስ ደግሞ በ 1795 የተከፈተ ነው። መሃሉን ቦይና የባቡር ሐዲድ አቋርጠውት ያልፋሉ፤ ባቡር የሚወድ ልጅ ካላችሁ እዚያ መልቀቅ ነው።

ከሁሉም የምመርጠው ፕራየር ፓርክን ነው። ራልፍ አለን የተባለ ሰው በፖስታ ሥራና በድንጋይ ማውጫ ሀብታም ሆነ። ከተማዋ የተሠራችበት ያ ማር የመሰለ ድንጋይ የወጣው ከእሱ ጉድጓዶች ጭምር ነው። ኮረብታው ላይ ቤቱን ሠራ፤ ከቤቱ በታች ያለውን ሸለቆ ደግሞ አትክልት አደረገው። ግርጌው ላይ ጣሪያና አምድ ያለው ድልድይ አለ። በዓለም ላይ በዚህ ንድፍ የተሠሩት አራት ብቻ ናቸው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ሐይቁ፣ ድልድዩና ከተማዋ በአንድ ላይ ይታያሉ። ችግሩ ዳገቱ ነው። ለጎብኚ የመኪና ማቆሚያ የለውም። በአውቶቡስ ላይኛው በር ድረስ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ቁልቁል ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከላይኛው በር አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል፤ እይታውም የሚያምረው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰደዱት ወደዚህ ከተማ ነው። በ 1936 ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ከተናገሩ በኋላ ባዝ መጡ። ፌርፊልድ ሃውስ የተባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት። ከዚያ ተነስተው በካርቱም በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ 1954 ባዝን ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ነዋሪነት ሰጠቻቸው። በ 1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። ዛሬም አረጋውያን ይገናኙበታል፤ ኢትዮጵያውያንና ራስተፈሪያኖችም ይመጡበታል። ከመሃል ከተማ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ይላል፤ አውቶቡስ አለው። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሙዚየም አይደለም። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ መጀመሪያ የቤቱን ቀን እዩና የባቡር ትኬቱን ከዚያ በኋላ ቁረጡ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገውና በሩን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል።

ገንዘቡን በተመለከተ ባዝ ከሦስቱ ውድ ናት። የሮማውያኑ መታጠቢያ መግቢያ ለአንድ አዋቂ ከ 20 ፓውንድ በላይ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይጨምራል። የባቡር ትኬት በመጨረሻ ሰዓት ከተገዛ ያቃጥላል፤ ቀደም ብሎ ከተያዘ ግን በጣም ይቀንሳል። ማደሪያው ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ባለው የገና ገበያ ሰሞን አይቀመስም። መፍትሔው ብሪስቶል ማደር ነው። በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው፤ ዋጋውም ይሻላል።

ለጿሚ ባዝ አታስቸግርም። እንግሊዝ ውስጥ "ቪጋን" ማለት ብቻ ይበቃል። የከተማዋን ዝነኛ ክብ ዳቦ ግን ጿሚ ይዝለለው፤ ቅቤና እንቁላል አለበት።

ቲቮሊ፦ ያለ ፓምፕ የሚዘል ውሃ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ኢንተርኔት ላይ "ቲቮሊ" ብላችሁ ስትፈልጉ ኮፐንሃገን ያለው የመዝናኛ ፓርክ ሊመጣባችሁ ይችላል። እሱ ሌላ ነው። የእኛዋ ከሮም በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

ቲቮሊ ውስጥ ሁለት የዩኔስኮ ቅርሶች አሉ፤ አንድ ዓይነት ግን አይደሉም። ቪላ ዴስቴ ከተማው መሃል ነው። ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ የሮም ፖፕ የመሆን ሕልሙ ሳይሳካ ቀርቶ በ 1550 የቲቮሊ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ሮም ላይ ያጣውን ክብር እዚህ ሊያሳይ ፈለገ መሰለኝ። ፒሮ ሊጎሪዮ የተባለውን አርክቴክት ይዞ ገደሉን ወደ አትክልት ቀየረው። የአኒየኔን ወንዝ ውሃ ጠልፈው በቦይ አመጡና ወደ ታች ለቀቁት። ፋውንቴኖቹ በሙሉ የሚሠሩት በውሃው ቁልቁለት ብቻ ነው። ፓምፕ የለም። መቶ ፋውንቴን የሚባለው መንገድ ዳሩን ሁሉ ውሃ ይተፋል። የኦርጋኑ ፋውንቴን ደግሞ በውሃ ግፊት አየር እየተነፋ ሙዚቃ ይጫወታል። በየተወሰነ ሰዓት ስለሚጫወት በሩ ላይ ሰዓቱን ጠይቁ። ይህን ሳይሰሙ መውጣት ያስቆጫል።

ቪላ አድሪያና ከከተማው በታች ሜዳው ላይ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ይወስዳል። ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ከ 118 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ሰፊ መኖሪያ ነው። ከሮም ሸሽቶ የሚኖርበት የራሱ ከተማ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ፍርስራሽ፣ የወይራ ዛፍና ረጅም ገንዳ ነው። ፍርስራሽ ለማየት የታሪክ ፍቅር ያስፈልጋል። የሌለው ሰው "ይህ ሁሉ ድንጋይ ምንድነው?" ማለቱ አይቀርም። ሊጎሪዮ ራሱ ከዚህ ቆፍሮ ሐውልትና ዕብነ በረድ እያወጣ ወደ ካርዲናሉ ቪላ ወስዷል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ትርጉም አለው።

ሦስተኛ ቪላ ግሬጎሪያና አለ። በ 1835 የወንዙ መንገድ ከተቀየረ በኋላ የተሠራ፣ ገደል ውስጥ የሚወርድ የፏፏቴ ፓርክ ነው። በክረምት ይዘጋል። ለወጣት እግር ግሩም ነው፤ ለሌላው አይሆንም።

እግርን በተመለከተ ቲቮሊ ከሦስቱ ከባዷ ናት። ቪላ ዴስቴ ደረጃ በደረጃ ነው፤ የወረደ ሁሉ ይወጣል። የልጅ ጋሪ ይዞ መግባት ራስን መቅጣት ነው። ቪላ አድሪያና ሜዳ ቢሆንም ሰፊ ነው፤ ጥላው ጥቂት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሮም ፀሐይ እዚያ አናት ይበሳል። ውሃና ባርኔጣ ያዙ። ወይም ጠዋት በሩ ሲከፈት ቪላ አድሪያናን ጨርሱና ቀትሩን ቪላ ዴስቴ ውሃ ዳር አሳልፉት። ሰኞ ከሆነ ይህ ዕቅድ አይሠራም፤ ቪላ ዴስቴ ሰኞ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው።

መሄጃው ሁለት ነው። ከቲቡርቲና ጣቢያ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወይም በሜትሮ ቢ መስመር ፖንቴ ማሞሎ ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ ወደ ቪላ ዴስቴ ያቀርባል፤ ግን መንገዱ ከተዘጋጋ ሰዓቱ አይታወቅም። በባቡር ከሄዳችሁ "ባኚ ዲ ቲቮሊ" የሚል ጣቢያ ታገኛላችሁ። እዚያ አትውረዱ፤ ድኝ የሚሸት ፍልውሃ ያለበት ሌላ ሰፈር ነው። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽን ላይ አስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል።

ዋጋው ልከኛ ነው። ሁለቱን ቪላዎች ለማየት ለአንድ አዋቂ 25 ዩሮ ገደማ ያዙ። ከ 18 ዓመት በታች ነጻ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞች ለሁሉም ነጻ ናቸው፤ ሁለቱም ቪላዎች ይጨመራሉ። በዚያ ቀን ግን ሮም በሙሉ ነቅላ እዚያ ትገኛለች። ገንዘብ ካላስቸገረ አልመክረውም።

ጿሚ ጣሊያን ውስጥ ንጉሥ ነው። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ፓስታ በቲማቲም የትም አለ። ትኩስ ተሠርቶ የሚቀርብ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል፤ የደረቀውን ጠይቁ። ማታ ሮም ስትመለሱ ቴርሚኒ ጣቢያ አካባቢ እንጀራ አይጠፋም። ጊዜ ካላችሁም ፖርታ ካፔና አደባባይ ጎራ በሉ፤ በ 2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ከ 1937 ጀምሮ በ 2003 እስኪነቀል የቆመው እዚያ ነበር።

ፖትስዳም፦ ሰፊ፣ ሜዳ፣ ነጻ

ፖትስዳም ለመድረስ ቀላሏ ናት። ከመሃል በርሊን በኤስ 7 ባቡር 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። በክልል ባቡር ከዚያም ያንሳል። የበርሊን ትኬት "ኤ ቢ ሲ" የሚባለውን ዞን እንዲሸፍን ብቻ አድርጉ። ጀርመን የምትኖሩና ዶይቸላንድ ቲኬት ያላችሁ ሌላ ምንም አትከፍሉም። ከቦሌ ቀጥታ በረራ ያለው ወደ ፍራንክፈርት ነው፤ ከዚያ በርሊን በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ለአጭር ትራንዚት አትሆንም።

ዋናው ሳንሱሲ ፓርክ ነው። ታላቁ የሚባለው ፍሬድሪክ ሁለተኛ ከ 1745 እስከ 1747 የበጋ ቤተ መንግሥቱን ወይን ተክል ባለበት እርከን አናት ላይ አሠራ። ስድስቱ እርከኖች ቅስት ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ወይኑና በለሱ በመስታወት በር ውስጥ ተተክሏል። ፍሬድሪክ የተቀበረውም እዚያው እርከኑ ላይ ነው። ድንች በአገሩ እንዲበላ ስላስፋፋ ጎብኚዎች መቃብሩ ላይ አበባ ሳይሆን ድንች ያስቀምጣሉ። ጥሬ ድንች መቃብር ላይ ተደርድሮ ማየት ልጆችን በጣም ያስቃል።

ንጉሡ እንደ ካርዲናሉ ውሃ ሽቅብ የሚዘል ፋውንቴን ተመኝቶ ነበር። ኮረብታ ላይ ማጠራቀሚያ አሠራ፤ ብዙ ገንዘብም አፈሰሰ፤ ግን በሕይወቱ በአግባቡ ሲሠራ ሳያየው ሞተ። የቲቮሊ ቁልቁለት እዚህ የለም። ውሃው በትክክል የዘለለው በ 1840ዎቹ የእንፋሎት ሞተር ሲመጣ ነው። የሞተሩ ቤት መስጊድ መስሎ ተሠርቷል፤ ሚናሬቱ የጭስ ማውጫ ነው። ዛሬም ውሃ ዳር ቆሞ ይታያል።

ፓርኩ 300 ሄክታር ገደማ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። መንገዱ አብዛኛው ሜዳና ጠጠር ነው፤ ጋሪ ይሄድበታል። እርከኑን ለመውጣት 132 ደረጃ አለ፤ ዙሪያውን በዝግታ ዳገት መውጣትም ይቻላል። ጠንቅ የሚሆነው ርቀቱ ነው። ከሳንሱሲ እስከ አዲሱ ቤተ መንግሥት ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። አረጋዊ ካለ አንዱን ጫፍ ብቻ ምረጡ፤ ወይም በአውቶቡስ ተሻገሩ።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ለመግባት የሰዓት ትኬት ያስፈልጋል። በበጋ ቀድሞ ስለሚያልቅ በኢንተርኔት ያዙ። ሳንሱሲ ሰኞ ዝግ ነው፤ አዲሱ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ። በአንድ ቀን ሁሉንም ለማየት የሚያገለግለው ትኬት ከ 20 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። እውነቱን ለመናገር ውስጡን ባታዩት የሚጎድልባችሁ ጥቂት ነው። የፖትስዳም ሀብቱ ውጪው ነው።

ሴሲሊየንሆፍ በ 1945 የአሜሪካው ትሩማን፣ የሶቪየቱ ስታሊንና የእንግሊዙ ቸርችል፣ በኋላም እሱን የተካው አትሊ የተሰበሰቡበት ቤት ነው። ለረጅም እድሳት ስለተዘጋ ለእሱ ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን አጣሩ። ግሊኒከ ድልድይ ግን ሁልጊዜ አለ፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የምሥራቅና የምዕራብ ሰላዮች የሚለዋወጡበት ነበር። ምሳችሁን የሆላንድ ሰፈር ብሉ። በ 1730ዎቹና 40ዎቹ የተሠሩ ቀይ የሸክላ ቤቶች ናቸው፤ ካፌ በካፌ ነው። "ቪጋን" እዚህም ይሠራል።

በክረምት ግን ተዉት። ፋውንቴኖቹ ይጠፋሉ፤ ሐውልቶቹም ከብርድ እንዲጠበቁ በእንጨት ሳጥን ይሸፈናሉ። የሳጥን ሰልፍ ለማየት ካልሆነ በቀር።

በአንድ እይታ

| መለኪያ | ባዝ | ቲቮሊ | ፖትስዳም |
|---|---|---|---|
| መነሻ | ለንደን፣ በባቡር 1 ሰዓት ተኩል ገደማ | ሮም፣ በባቡር 1 ሰዓት ገደማ | በርሊን፣ ከ 25 እስከ 40 ደቂቃ |
| ወረቀት | የእንግሊዝ ቪዛ ወይም ኢቲኤ | ሸንገን | ሸንገን |
| የአትክልቱ ዓይነት | የከተማ ፓርኮችና የሸለቆ አትክልት | ገደል ላይ የተሠራ የውሃ አትክልት | ሰፊ የንጉሥ ፓርክ |
| እግር | መሃሉ ቀላል፣ ፕራየር ፓርክ ዳገት | ከባድ፣ ደረጃ በደረጃ | ሜዳ፣ ግን ረጅም |
| በነጻ የሚታይ | ቪክቶሪያ ፓርክ፣ ክሬሰንት፣ ሲድኒ ጋርደንስ | የከተማው ጎዳና | ፓርኩ በሙሉ |
| ዋናው መግቢያ | ከ 20 ፓውንድ በላይ | ለሁለቱ 25 ዩሮ ገደማ | ሁሉም በአንድ ከ 20 ዩሮ ትንሽ በላይ |
| ጥሩ ወቅት | ከሚያዝያ እስከ መስከረም | ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረም፣ ጥቅምት | ከግንቦት እስከ ጥቅምት |
| ተጠንቀቁ | የፌርፊልድ ክፍት ቀን፣ የገና ገበያ ሰሞን | ሰኞ ጠዋት፣ የበጋ ፀሐይ | ሰኞና ማክሰኞ |

ለማን የትኛው?

ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ይዛችሁ የእንግሊዝ ቪዛ ካላችሁ ባዝን አትለፉ። ለጃንሆይ ዘመን ሰው ፌርፊልድ ሃውስ ከየትኛውም ቤተ መንግሥት ይበልጣል። ጠዋት እሱን፣ ከሰዓት ቪክቶሪያ ፓርክን፤ የሮማውያኑን መታጠቢያ ጊዜ ከተረፈ። ፕራየር ፓርክን ለወጣቶቹ ተዉላቸው።

ሕፃንና ትናንሽ ልጆች ካሏችሁ ፖትስዳም። ልጅ የሚሮጥበት ቦታ አለ፤ ጋሪ ይገፋል፤ ከደከማችሁ ምንም ገንዘብ ሳታባክኑ ትመለሳላችሁ። የቤተ መንግሥት ትኬት አትግዙ፤ አራት ዓመት ልጅ ይዞ የወርቅ ቅብ ክፍል መግባት ለማንም ደስታ አይሰጥም።

በኪሳችሁ ትንሽ ገንዘብ፣ በእግራችሁ ጉልበት ካለ ቲቮሊ። ሁለት ሆናችሁ ለፎቶም ለጫወታም ብትሄዱ ከሦስቱ በአንድ ቀን ብዙ የምታሳየው እሷ ናት። የትዳር በዓላችሁን ልታስቡ ከሆነ ግን ባዝ አንድ ሌሊት አድራችሁ ማታ ጣሪያው ላይ ባለው ፍልውሃ መግባት ለወጪው የሚመጥን ነው።

በጣም የተጠበበ በጀት ያለው ሰው በርሊን ውስጥ ከሆነ ከፖትስዳም የረከሰ አያገኝም። ሮም ውስጥ ያለ ተማሪ ደግሞ ከ 18 እስከ 25 ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከሆነ የመንግሥት ሙዚየም ሁለት ዩሮ ብቻ እንደሚከፍል ይወቅ፤ መታወቂያ ግን በሩ ላይ ይጠየቃል።

በአንድ የሸንገን ቪዛ ቲቮሊንም ፖትስዳምንም ማየት የሚፈልግ ካለ ይቻላል። ከሮም በርሊን የሚወስደው ርካሽ በረራ ግን ሻንጣ ሲጨመርበት ርካሽ አይሆንም። ሁለቱን ለማሳደድ ከሚጠፋው ቀን ይልቅ አንዷ ዘንድ ሁለት ቀን መቆየት ይሻላል እላለሁ።

የቀን ምርጫ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የነሱ ፋሲካ ሰሞን ሦስቱም ከተሞች ይጨናነቃሉ፤ የማደሪያ ዋጋም ይጨምራል። የእኛ ፋሲካ ከነሱ ጋር በማይገጥምበት ዓመት ግን የትንሣኤ ማግሥት ያለው ሳምንት ከተማው ጸጥ ያለ፣ አበባው የፈነዳ፣ ጾሙም የተፈታ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሁን፤ ፖትስዳም ከሆነ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ብቻ። ዋጋና የመክፈቻ ሰዓት ስለሚቀያየር ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ማታ የየቦታውን ገጽ አንድ ጊዜ ክፈቱት።